የስኳር መንገድና ኵርዓተ ርእሱ

ድሬዳዋ የዕቃ ከተማ ናት። በ1902 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ሲደርስ ተቆረቆረች፤ ከዚያም ወዲህ ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር ሲወርድ፥ ጨርቅና ስኳር ወደ ደጋ ሲወጣ ብዙ ዘመን አየች። ስለዚህ የድሬዳዋ ሰው ስለ አንድ የሩቅ ደሴት ሙዚየም ቢነገረው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

ደሴቲቱ በአትላንቲክ ውቅያኖስ የምትገኘው የፖርቱጋል ማዴራ ናት። በከተማዋ በፉንሻል፥ ቀድሞ የጳጳስ መኖሪያ በነበረ ቤት ውስጥ፥ አነስተኛ የቤተ ክርስቲያን ቅርሳ ቅርስ ሙዚየም አለ። ጎብኚው ወደዚያ ሲገባ የሚያገኘው በአብዛኛው የፖርቱጋል ሥዕል አይደለም፤ ከወደ ሰሜን፥ ከፍላንደርስ የመጡ የ15ኛው መጨረሻና የ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥዕሎች ናቸው። ምክንያቱ ስኳር ነው። የማዴራ ስኳር በባሪያ ጉልበት ጭምር ተመርቶ ወደ ብሩዥና ወደ አንትወርፕ ይላክ ነበር፤ በስኳር የከበሩት ባለመሬቶችና ነጋዴዎችም ለየአብያተ ክርስቲያናቸው ከዚያው ሥዕል ያስመጡ ነበር። የፉንሻል ከተማ ዓርማ እስከ ዛሬ የሾጣጣ ስኳር ምስል አለበት።

የፍላንደርስ ሠዓሊዎች በእንጨት ገበታ ላይ ቀለምን በዘይት እየለወሱ በስሱ ደራርበው መቀባትን እጅግ ያራቀቁ ናቸው። ብርሃን ከሥዕሉ ውስጥ የሚወጣ እስኪመስል፥ እንባውና የደሙ ጠብታ በጣት የሚነካ እስኪመስል ይሠሩ ነበር። በሉቨን ከተማ የዲርክ ቡትስና የልጁ የአልብሬክት ቡትስ ሥራ ቤቶች በተለይ አንድ ዓይነት ሥዕል ደጋግመው አወጡ፦ የእሾህ አክሊል የደፋ ክርስቶስ፥ እስከ ደረቱ ብቻ የሚታይ፥ በመኝታ ቤት ለብቻ ለሚጸልይ ሰው የሚበቃ ትንሽ ሥዕል።

ከዚሁ ወገን የሆነ አንድ ሥዕል ወደ ኢትዮጵያም ደርሷል። ኵርዓተ ርእሱ ይባላል፤ ራሱን መመታቱ ማለት ነው። ሊቃውንት የተሣለበትን ዘመን ከ1500 ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ያደርጉታል፤ ሠዓሊውን ግማሾቹ የፍላንደርስ ሰው፥ ግማሾቹ የፍላንደርስን ጥበብ የተማረ ፖርቱጋላዊ ይሉታል። ወደ ሀገራችን የመጣውም ከፖርቱጋል ጋር በተደረገው ግንኙነት እንደ ሆነ ይገምታሉ። በ1520 ምጽዋ ከወረደው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ጋር አንድ ሠዓሊ መኖሩን ልብ ይሏል።

በፉንሻል ያሉት ሥዕሎች ከመንበራቸው ሳይርቁ ኖሩ። የኛው ግን ሥራ ተሰጠው። የጎንደር ነገሥታት በዘመቻ ከፊታቸው ያስይዙት ነበር፤ መኳንንትም በፊቱ ይምሉ ነበር። በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ በስናር ሲሸነፉ ሥዕሉ ተማረከ፤ በኋላም በቤዛ ተመለሰ። የሀገራችን ሠዓሊዎችም እየገለበጡት፥ ግራና ቀኝ ራሱን የሚመቱትን ሁለት ሰዎች እየጨመሩበት፥ በየግድግዳውና በየገበታው ሣሉት። «የፈረንጅ እጅ የሠራው እንዴት የኛ ይባላል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። እንዲህ ከሆነ የፉንሻልም ሥዕሎች የማዴራ አይደሉም ማለት ነው፤ ይህን ግን ማንም አይልም። ለአንድ ሥዕል የተማለው መሐላና የተከፈለው ቤዛ ከቀለሙ ያነሰ ማስረጃ አይመስለኝም።

አጼ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱበት ቀን፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (በአውሮፓ ሚያዝያ 13 ቀን 1868)፥ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የነበረው የብሪታንያ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ሥዕሉን ወሰደው። ለሙዚየሙ ብራናዎችን ሲያስረክብ ይህን ግን ለራሱ አስቀረ። በ1870 ደግሞ በዊንድዘር የንግሥቲቱ መጻሕፍት ቤት ኃላፊ ሆነ። በ1872 አጼ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥትና ኵርዓተ ርእሱ እንዲመለሱላቸው ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ፤ ስለ ሥዕሉ ግን ፍለጋው እንደ ጠፋና ወደ እንግሊዝ የመጣም እንደማይመስል ተመለሰላቸው። ሥዕሉ በዚያን ጊዜ በንግሥቲቱ በራሷ አገልጋይ እጅ ነበረ! ከዚህ በላይ የሚያስገርም መልስ በታሪካችን ብዙ አላነበብኩም።

በ1905 በርሊንግተን የተባለው የለንደን የጥበብ መጽሔት ከሐበሻ የመጣ የፍላንደርስ ሥዕል ብሎ ከነፎቶግራፉ አወጣው። የአጼዎቹ መሐላ ቀረና የትምህርት ቤት ስም ተሰጠው። ሆልምስ በ1911 ሞተ፤ በ1917፥ ሐዲዳችን አዲስ አበባ በገባበት ዓመት፥ ሥዕሉ በለንደን በክሪስቲ የሐራጅ ቤት ተሸጠ። በ1950 እንደገና በዚያው ሲሸጥ ሉዊስ ሬይስ ሳንቶስ የተባሉ የፖርቱጋል የጥበብ ታሪክ ሊቅ ገዙት፤ ወደ ፖርቱጋልም ገባ። በ1998 አንድ የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ሲከታተለው በዚያች ሀገር በባንክ ካዝና ተዘግቶበት አገኘው።

የፉንሻሎቹን ሥዕሎች ለማየት የመግቢያ ዋጋ መክፈል ይበቃል። ኵርዓተ ርእሱን ማየት የሚሻ የማኅበራችን አባል ግን ለጊዜው ወደ ጎንደር ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሄዶ፥ ያን ገበታ እያዩ የሣሉት አባቶች ወይም ደቀ መዛሙርቶቻቸው ባስቀሩት ግልባጭ ፊት መቆም አለበት። እዚያም የእሾህ አክሊሉንና የደም ጠብታውን ያገኛል፤ ዓይኖቹ ግን ሰፊ፥ የሐበሻ ዓይኖች ናቸው።