ብዙ ስም የወጣላት ዝንብ

እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ አንዲት እንግዳ የፍራፍሬ ዝንብ ታየች። ብዙም ሳይቆይ የአፍሪካን ማንጎ በሰፊው ታበላሽ ጀመረች፤ ኢትዮጵያም አልቀረላትም። በ2005 ድሩ፣ ጹሩታና ዋይት የተባሉ ሊቃውንት ከስሪላንካ ከተገኙት ዝንቦች ጋር አመሳክረው «ባክትሮሴራ ኢንቫደንስ» ብለው አዲስ ስም አወጡላት። ዝንቧ ግን አዲስ አልነበረችም። ሄንደል በ1912 ከታይዋን በመጣ ናሙና «ዶርሳሊስ» ብሎ የሰየማት ራሷ ነበረች። ከእሱ በፊት ፋብሪሲየስ በ1794 የሰጣት ስም ደግሞ ቀድሞ በሌላ ዝንብ ተይዞ ስለተገኘ ወድቋል።

ስሙን ያበዛው ግድየለሽነት አይደለም። ድሩና ሃንኮክ በ1994 የእስያን ዝንቦች መርምረው በዶርሳሊስ ዙሪያ 52 ዝርያዎችን ሲለዩ፣ 40ዎቹ አዲስ ነበሩ፤ «ፓፓዬ» እና «ፊሊፒኔንሲስ» የመጡት ያኔ ነው። መለያቸው የጀርባ ቀለም፣ የክንፍ መስመርና የእንቁላል መጣያ ርዝመት ነበር። ችግሩ እነዚህ ምልክቶች በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ መለዋወጣቸው ነው፤ የአፍሪካዋ ዝንብ ጀርባ ከቀይ ቡናማ እስከ ጥቁር ይደርሳል። ድሩ ራሳቸው በ2013 ከሮሚግ ጋር ፊሊፒኔንሲስን ወደ ፓፓዬ መልሰዋል። በ2015 ከብዙ አገር የተውጣጡ ተመራማሪዎች ፓፓዬንም ኢንቫደንስንም ዶርሳሊስ ውስጥ አስገቧቸው።

«ተባይ ሲሆን ለይቶ መያዙ ለጥንቃቄ ይበጃል» የሚሉ አሉ። ጥንቃቄው ግን ዋጋ አለው፤ ገዢ አገር በራሱ ምድር ያለችውን ዝንብ በሌላ ስም ፈርቶ ፍሬ ይመልሳል፣ መካን ወንዶችን አርብቶ የሚለቅ ፕሮግራምም ለየስሙ የተለየ ዘር ይፈልጋል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ «የዘረመል አለመለየት በቅርቡ የተለያዩ ዝርያዎችንም አንድ ሊያስመስል ይችላል» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ውሳኔው በዘረመል ብቻ ያልቆመው። የተለያየ ስም የነበራቸው ዝንቦች በመረብ ቤት ውስጥ አብረው ሲለቀቁ ሳይመራረጡ ተራክበዋል፣ ልጆቻቸውም ወልደዋል። ሚዛኑ ሁሉን ለመጠቅለል የተሠራ ቢሆን ኖሮ የቅርብ ዘመዳቸው «ካራምቦሌ»ም በተዋጠች ነበር፤ እሷ ግን በዚያው ፈተና ተለይታ ቀርታለች።

ስለዚህ ከ2005 ወዲህ ስለ አፍሪካ ማንጎ የተጻፈ ጥናት የሚያገላብጥ ሰው «ኢንቫደንስ» የሚለውን «ዶርሳሊስ» ብሎ ያንብብ፤ እስያና ሃዋይ ስለዚህች ዝንብ የጻፉትንም አብሮ ይፈልግ።