ሐረጎ አፋፍ ላይ የቆመው የዝናብ መጥረጊያ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ደሴ ላይ ዝናቡ ያለ ፋታ ይወርዳል፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። አንድ የኤፍኤስአር ሾፌር ጭነቱን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ሊወርድ ሲል የዝናብ መጥረጊያው እየተጎተተ ሄዶ መስታወቱ መሃል ቀጥ አለ። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተነስቶ፣ በሐረጎ እየተጠማዘዘ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ ድረስ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። በዚያ ዝናብ መስታወት ሳይጠረግ መውረድ ነፍስ ማጥፋት ነው። ሾፌሩ አልደፈረውም፤ መኪናውን አዙሮ አንድ አዛውንት ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ተቃጥሏል አሉኝ። አዲስ ልግዛ?»

«አብሽር፣ መጀመሪያ እንየው።»

ፊት የከፈቱት የፊውዝ ሳጥኑን ነው። ረዳቱ ፊውዙን ጠርጥሮ በምትኩ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞበታል። ይሄን ነገር ስንቱ መኪና ላይ አየነው! ሞተር ተይዞ ሲቆም ከወትሮው ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል፤ ያኔ መቃጠል ያለበት ፊውዙ ነው። በሽቦ ከተተካ ግን የሚነደው ገመዱ ነው፣ ከገመዱም ጋቢናው። ሽቦውን ነቅለው ደህና ፊውዝ ሰኩ።

ቀጥለው የሞተሩን ሶኬት ነቅለው ለኩ፤ መልቲሜትሩ 25 ቮልት አለ። ሁለት ባለ 12 ባትሪ በተከታታይ ለታሰረበት መኪና ሙሉ ነው።

«ኤሌክትሪኩማ ደርሷል፤ በቃ ሞተሩ ነው» አለ ሾፌሩ።

ስንት ደህና ሞተር የሚጣለው እዚች ላይ ነው! መስመሩ ቢበላሽም ምንም እስካልሳበው ድረስ ሙሉ ቮልት ያሳያል፤ ጉዱ የሚወጣው ሞተሩ ሲስብ ነው።

ሶኬቱን መልሰው ሰኩና «ክፈተው» አሉ። መጥረጊያው ሲያቃስት የዳሽቦርዱ መብራት አብሮ ደበዘዘ። ሽማግሌው ይቺን አይተው ነቃ አሉ። ሞተሩ ላይ ሲለኩ 14 ቮልት ብቻ። ሌላው የት ገባ? አንዱን ጫፍ የሞተሩ አካል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አሳረፉ፤ 10 ቮልት! ማሳው፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰው መስመር፣ ደህና ቢሆን ግማሽ ቮልት እንኳ ባልታየ። ሞተሩ 10 አምፔር ሲስብ፣ መንገዱ ላይ ያለች አንዲት ኦም 10 ቮልት ትበላለች።

  

ጋቢናው ወደ ፊት ተገለበጠ። ጋቢናውን ከሻሲው የሚያገናኘው የማሳ ገመድ ጫፉ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል፣ ብሎኑ ሥር ደግሞ ቀለም ተቀብቶበታል። ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ አዲስ ጫፍ አስረው አጠበቁት። ዳግም ሲለኩ ሞተሩ ላይ 23 ከግማሽ፤ በማሳው በኩል 0.2 ብቻ። መጥረጊያው ወዲያና ወዲህ ይሮጥ ጀመር።

«ሞተሩንስ ጋሼ?»

«ያንተ ምን ሆነና? ይልቅ መለዋወጫ ፊውዝ ገዝተህ ጋቢና አስቀምጥ። ረዳትህንም ጥራልኝ፤ የትኛው ፊውዝ የት እንደሚገባ ላሳየው።»