ንግሥት እሌኒ፦ ከሐድያ ገራድ ቤት እስከ ሸዋ ቤተ መንግሥት

በሆሳዕና ከተማ የሚገኘው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በስሟ የሚጠራላት ንግሥት እሌኒ፣ የሐድያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ነበረች፤ «ገራድ» በዚያ ዘመን የአገሩ ገዥ ማዕረግ ነው። ሐድያ ከዐፄ አምደ ጽዮን ዘመን (እ.ኤ.አ. 1314–1344፤ የሚከተሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ለክርስቲያኑ መንግሥት የሚገብር፣ ገዥዎቹ ግን እስላሞች የሆኑበት አገር ስለነበር፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) የገራዱን ልጅ ማግባቱ ከሁሉ አስቀድሞ የግብርና የሰላም ውል ነበር።

ውሉ ግን ብዙም ሳይቆይ ተፈተነ፤ አባቱን ተክቶ ገራድ የሆነው ወንድሟ ማሂቆ ግብር አልከፍልም ብሎ ሸፈተ፣ አጎታቸው ባሞ ምስጢሩን ለንጉሡ አደረሰ፣ ማሂቆም በዳሞት ጭፍሮች እጅ ተገድሎ ሹመቱ ወደ ባሞ ዞረ። ወንድሟ የንጉሥ ጠላት ሆኖ ሲሞት እሌኒ «ቀኝ በዓልቴሐት» ከተባለው ታላቅ የንግሥትነት ማዕረግ አለመውረዷ፣ ገና ያኔ ከውሉ መያዣነት አልፋ በራሷ የምትከበር ሰው እንደነበረች ያሳያል።

ዘርዐ ያዕቆብ ሲሞት የነገሠው በእደ ማርያም (1468–1478) ወላጅ እናቱ በአባቱ ቁጣ ተደብድባ የሞተችበት ሰው በመሆኑ፣ እሌኒን በእናት ቦታ አከበራት፤ ዜና መዋዕሉም መጻሕፍትን አዋቂነቷንና የቤተ መንግሥቱን ሥርዓት ጠንቅቃ መያዟን ያወድሳል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚታለፍ ነገር አለ፤ እያንዳንዷ የንጉሥ ሚስት የራሷን ልጅ ለማንገሥ በምትሻኮትበት ግቢ፣ ልጅ ያልወለደችው እሌኒ የማንም አልጋ ወራሽ ባላንጣ አልነበረችም፤ ስለዚህም መካንነቷ ኃይሏን ያጎለበተው እንጂ የቀነሰው አይመስልም።

ይህ ኃይል ከፍ ብሎ የታየው በ1508 ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ በነገሠ ጊዜ ነው። ሞግዚት፣ ማለትም ንጉሡ ለአካለ መጠን እስኪደርስ መንግሥቱን የምታስተዳድር ሆና የተሾመችው እሌኒ፣ ፖርቱጋሎች የሕንድን ውቅያኖስ መያዛቸውን ሰምታ፣ በ1509 ገደማ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ወደ ንጉሣቸው ማኑኤል ላከች። የእነርሱ መርከብና የኢትዮጵያ እግረኛ ጦር ተባብረው በቀይ ባሕር ያለውን የእስላሞች ኃይል እንዲገቱ የሚጠይቀው ይህ መልእክት፣ እስላም ሆና የተወለደች ንግሥት የጻፈችው መሆኑ ያስገርማል፤ ነገር ግን የባሕሩን በር የያዘ ንግዱንም እንደሚይዝ የገራድ ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳታውቀው አትቀርም።

ማቴዎስ በሕንድ በሰላይነት ተጠርጥሮ ብዙ ከተንገላታ በኋላ በ1514 ሊዝበን ደረሰ፤ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 ምጽዋ ቢመለስም፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሳይዘልቅ ሞተ። መልእክተኞቹ በአገር ውስጥ ሳሉ እሌኒም ዐረፈች፤ ከእነርሱ ጋር የነበረው ቄስ አልቫሬዝም ትልቅ ትንሹ እንዳለቀሰላት ጽፏል። የፖርቱጋል ጦር፣ 400 ያህል ወታደር ሆኖ፣ በ1541 አገሪቱ በግራኝ አሕመድ ዘመቻ ከተዳከመች በኋላ ምጽዋ ሲወርድ፣ ከደብረ ዳሞ ወርዳ የተቀበለችው የልብነ ድንግል ሚስት ሰብለ ወንጌል ነበረች።