የባቡሩ ሰዓትና የትንኟ ሰዓት

የጂቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም ለብዙ ዓመታት የመንገደኛ ባቡር በሌሊት አይጓዝም ነበር። 780 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ጉዞ ሦስት ቀን ይፈጅ ስለ ነበር ከባሕር የመጣው መንገደኛ የመጀመሪያውን ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን በአዋሽ ያሳልፋል። የአዋሽ ከተማ የተመሠረተችው በዚህ አዳር ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባቡሩ ሲመሽ ይገባል፤ ባለሥልጣኑና የውጭ አገሩ እንግዳ በጣቢያው ቡፌ፣ ሌላው ሰው ባገኘበት ያድራል፤ ሲነጋ ፊሽካው ይነፋና ጣቢያው ወና ይሆናል። በፋብሪካ የተሠራው ሎኮሞቲቭ ሳይቀር በአዋሽ በረሓ የፀሐይን ሕግ ተቀብሎ ይኖር ነበር።

ይህን ሕግ የአገሩ ሰው አስቀድሞ ያውቀዋል። አውሮፓዊው ሰዓቱን ከእኩለ ሌሊት ሲጀምር ኢትዮጵያዊው ከማለዳ ይጀምራል። ይህ አቆጣጠር በሰሜን አውሮፓ ቢሞከር በአንድ ዓመት ውስጥ በተፋለሰ ነበር። አዋሽ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ የፀሐይ መውጫም በዓመቱ ውስጥ የሚዋልለው አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰማዩን አይቶ ሰዓቱን የሚናገር እረኛ የሚሳሳተው በጥቂቱ ነው።

በዚሁ የሐዲድ መስመር፣ ከአዋሽ ወደ ድሬዳዋ ሲኬድ በምትገኘው በኤረር ጎታ፣ ስዊሳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ሐንስ ኩመር እ.ኤ.አ. በ1960 እና በ1961 ሐማድሪያስ የሚባሉትን የቆላ ዝንጀሮዎች አጥንቷል። ዝንጀሮዎቹ የሚያድሩት በገደል ላይ ነው። ማለዳ ከገደሉ ወርደው ይቀመጣሉ፣ ወዴት እንደሚሄዱም እንደ ሸንጎ በዝግታ ይወስናሉ፤ ከዚያ በየጭፍራቸው ተበታትነው ይውላሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ብዙውን ጊዜ ውኃ ዳር ይገናኛሉ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ገደላቸው ይመለሳሉ። የአዋሽ መንገደኛ በቡፌው በረንዳ ላይ ሲቀመጥ ዝንጀሮውም በገደሉ ላይ ቦታውን ይይዝ ነበር።

ይሁን እንጂ ዝንጀሮው ወደ ማደሪያው የሚመለሰው ፀሐይቱን አይቶ ነው ወይስ በውስጡ ሰዓት የሚቈጥር ነገር አለ? ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሰጠው ዕፅ ነው። ከታላቁ እስክንድር ጋር የዘመተው አንድሮስቴኔስ በባሕሬን የሁመር ዛፍ ቅጠሉን ማታ አጥፎ ጧት እንደሚዘረጋ መዝግቧል። ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1729፣ ደ ሜራን የተባለ ፈረንሳዊ አንዲት የአይነኬ ተክል ጨለማ ውስጥ አስገብቶ ቢጠብቅ ቅጠሏ ፀሐይ ሳያይ እንኳ በየሰዓቱ መዘርጋቱንና መታጠፉን ቀጠለ። ሰዓቱ እንግዲህ በተክሏ ውስጥ ነበር። የዚህ ሰዓት አንዱ ክፍል የሆነው ዘር በራሂ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን፣ አሠራሩን የፈቱት ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

በአፋር ምድር ከሁሉ የሚያስደንቀው የግመል ሰዓት ነው። ሽሚት ኒልሰን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሰሐራ እንዳረጋገጠው፣ የተጠማች ግመል የሰውነት ሙቀት ማለዳ 34 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይነሣና ከሰዓት በኋላ ከ40 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ሙቀቱን ቀን አከማችታ ሌሊት ለቀዝቃዛው አየር ትለቃለች። 500 ኪሎ ግራም የምትመዝን ግመል በዚህ ብልሃት በላብ ይጠፋ የነበረ 5 ሊትር ያህል ውኃ በቀን ታተርፋለች፤ የማቀዝቀዣ ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስ ይህን ሒሳብ ቢቀናበት አያስነቅፈውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የሞሮኮ ጥናት ደግሞ፣ የብርሃንና የጨለማ ምልክት በሌለበት ጊዜ የአየሩ መሞቅና መቀዝቀዝ ብቻውን የግመልን የውስጥ ሰዓት ሊያስተካክል እንደሚችል አሳይቷል። ግመል ሰዓቷን በሙቀት ጭምር ታስተካክላለች ማለት ነው።

የወባ ጉዳይ ሲነሣ ግን የፍጥረታት ሰዓት ከማስደነቅ አልፎ የሕይወትና የሞት ነገር ይሆናል። የወባ ትንኝ ጨለማን ጠብቃ የምትበር ናት። የምትሸከመው ተውሳክም የራሱ ቀጠሮ አለው፤ በሰው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተራብቶ ሕዋሱን የሚያፈነዳው፣ በአገራችን በብዛት በሚታዩት በሁለቱ ዓይነቶች፣ በየ48 ሰዓቱ ነው። አባቶች ንዳድ የሚሉት ትኩሳት አንድ ቀን እየዘለለ የሚመጣው ስለዚህ ነው። የትኩሳቱ መመላለስና የተውሳኩ መራባት አንድ መሆናቸውን ጣልያናዊው ጎልጂ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ተረድቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጡ ጥናቶች ደግሞ ተውሳኩ የታማሚውን ሰዓት ከመከተሉም ሌላ የራሱ የውስጥ ሰዓት እንዳለው አመልክተዋል።

የአፋር ከብት አርቢ ከዚህች ትንኝ ጋር የነበረው ውል በዓመቱ ወቅት ላይ የቆመ ነበር። ክረምት ሲገባ መንጋውን ይዞ ከወንዙ ዳር ይርቃል፤ በበጋ ይመለሳል። በ1950ዎቹ ግን የቆቃ ግድብ ተሠራ፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ የተንዳሆ የጥጥ እርሻ ተጀመረ። ቀድሞ ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ውኃ ያይ የነበረው ሜዳ በበጋም የመስኖ ቦይ ይፈስስበት ጀመር። ለጥጥ ለቀማ ከደጋ የወረደው ሠራተኛ ወባን የለመደ ሰውነት አልነበረውም። የጥጥ አበባ ጧት ነጭ ሆኖ ፈንድቶ በማግሥቱ ሲቀላ ያየ ለቃሚ፣ ማታ የምትጠብቀውን የሌላዋን ፍጥረት ሰዓት ሳያውቅ ብዙ ጊዜ በንዳድ ወድቋል። የእርሻው ንድፍ የቦዩን ስፋት፣ የውኃውን መጠንና ፍጥነት በጥንቃቄ ቆጥሯል፤ የምሽቱን ሰዓት ግን የቆጠረው አልነበረም።

አጎበር የተሠራው ሰው በሚተኛበት ሰዓት ለምትነክስ ትንኝ ነው። በትግራይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ግን በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ፣ አኖፊለስ አራቢየንሲስ፣ አብዛኛውን ንክሻዋን የምትፈጽመው ሰው ገና ሳይተኛ እንደሆነ አሳይቷል። ሰመራን ላየ ሰው የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። አሳይታን ተክታ የክልሉ መቀመጫ እንድትሆን በተራቆተ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችው ሰመራ በሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። ሰዉ ቀን ከጥላ አይወጣም፤ ገበያው፣ ቡናው፣ ጨዋታው የሚደራው መብራት ከበራ በኋላ ነው፤ አልጋም በብዙ ቤት ደጅ ይዘረጋል። የከተማዋ ሰዓት ወደ ምሽቱ ተገፍቷል፤ ትንኟም በምሽቱ ትጠብቃለች።

በዚህ ላይ አዲስ እንግዳ መጣች። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ከተሞች የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጂቡቲ፣ በ2016 በቀብሪ ደሃር ታየች። እ.ኤ.አ. በ2018 በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተካሄደው አሰሳ ከተገኘችባቸው ከተሞች መካከል አዋሽ ሰባት ኪሎና ሰመራ ይገኛሉ። ከአዋሽ በተሰበሰቡ እጮች ያደጉ ትንኞችም ከኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ደም የወባን ተውሳክ በቀላሉ እንደሚቀበሉ በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ተጠያቂ የሆነችውም እርሷ ናት። የሰዓቷም ነገር ቢሆን እንደ ግመል ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፓኪስታን እንደታየው፣ በብርድ ወራት ቀደም ብላ በምሽት፣ ሙቀት ሲበረታ ወደ ሌሊቱ ገፋ አድርጋ ትነክሳለች።

ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። የምትራባው ሰው በሠራው ዕቃ ውስጥ ነው፦ ክዳን በሌለው ሮቶ፣ በበርሜል፣ በግንባታ ቦታ በሚቆፈር የውኃ ጉድጓድ። በሰመራ ዓይነት ሙቀት እንቁላሏ እጭ ሆኖ፣ አድጎ፣ ክንፍ አውጥቶ ለመብረር አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቀን ቢበልጥ ነው። አዲስ የፈሰሰ ኮንክሪትም እንዳይሰነጠቅ በትንሹ 7 ቀን ውኃ ይጠጣል። ማጠጫው ጉድጓድ እስከዚያ ድረስ ሞልቶ ይቆያል፤ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ማታ ግንበኛው ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ ከውኃው ላይ የሚነሡት ትንኞች ወደ መብራቱና ወደ ደጁ አልጋ ይሄዳሉ።