ከጓሮ ጎመን እስከ ባቱ ሽንኩርት

መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ይባላል። ክረምት ጎተራ የሚሟጠጥበት ወራት ነውና ቤተሰቡን ከመስከረም የሚያደርሰው የጓሮው ጎመን ነበር። እንግዲህ ያን ሁሉ ውለታ የዋለው ጎመን እሸት ሲደርስ በምስጋና ሳይሆን በ«ውጣ» ነው የሚሸኘው! የሐበሻ ጎመን ከዚሁ ከደጋው ምድር የተላመደ ነባር ሰብል ነው። ጤፉ ቢቃጠል፣ ገብሱን በረዶ ቢያወርደው፣ ከቤት ጀርባ አመድና ፍግ ሲደፋበት የኖረው መደብ አንድ ነገር አያጣም።

ከውጭ የመጣው ድንችም የገበሬው መጠጊያ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንዳስገባው ይነገራል። ገበሬው ግን ለአሥርት ዓመታት ፊት ነሥቶት ቆየ። በስፋት የተቀበለው ከብቱ በደስታ በሽታ ካለቀበት፣ ዝናቡም ከታጎለበት ከክፉ ቀን (1881–1884 ዓ.ም.) ወዲህ ነው። እስከዚያ ዘመን ድረስ አትክልት ገበሬውን ሰማይ ሲከዳው የሚሸሸግበት ጋሻ ነበር ማለት ይቻላል። የኋላው ታሪክ ይህ ጋሻ ራሱ ጋሻ ፈላጊ የሆነበት ታሪክ ነው።

ለውጡን ያመጣው በመጀመሪያ የአየር ንብረት ሳይሆን ገበያ ነው። ከተሞች ሰፉ፤ ወጡ ያለ ቀይ ሽንኩርት፣ ሰላጣው ያለ ቲማቲም አልሆን አለ። የጓሮ ተክል ወደ ማሳ ወጣ፤ ማሳው የመስኖ ቦይ፣ ቦዩ ደግሞ የነዳጅ ሞተር ፈለገ።

የዚህን መንገድ ዳር ቀድማ ያየችው ሐረማያ ናት። በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ያለው ሐይቅ ዙሪያውን ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር ይመረትበት ነበር። ምርቱ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ ይሻገራል። ሐይቁ የሐረር ከተማንም ያጠጣ ነበር። ገበሬው በሞተር፣ ከተማው በቧንቧ ሲቀዱ፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለል ወለሉን ሲሞላ፣ ሙቀቱም ትነቱን ሲያከፋ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ገበሬው ሐይቁ በነበረበት ወለል ላይ ጉድጓድ እየቆፈረ ሽንኩርቱን ማጠጣት ቀጠለ፤ ያ አልበቃ ያለው ድርቅ ወደሚችለው ጫት ዞረ። ይህን ሁሉ በአየር ንብረት ለውጥ ማላከክ ምቹ ነው፤ ማንም አይጠየቅምና። ሙቀቱ ድርሻ አለው፤ ግን ጥሙን ያባባሰው እንጂ ብቻውን የጠጣው አይደለም። በቅርብ ዓመታት ዝናብ ሲሰምርና ተፋሰሱ ሲጠበቅ ውኃው በከፊል መመለሱም ይህንኑ ያስረዳል።

የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ 1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ጨምሯል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። የቲማቲም አበባ ግን ቀን ከሚያቃጥለው ፀሐይ ይልቅ ሌሊቱ አልቀዘቅዝ ሲል ይጎዳል፤ ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ተባዩ ደግሞ ሙቀት ሲያገኝ ዕድሜውን አሳጥሮ ቶሎ ቶሎ ይፈለፈላል። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥታ ዓለምን ያዳረሰችው፣ ገበሬው ባጭሩ «ቱታ» የሚላት ቱታ አብሶሉታ የተባለች የቲማቲም ተባይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ እዚህ ታየች። ቅጠሉን ገልበጥ ሲያደርጉት በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ያለው ሥጋ ተበልቶ የተረፈው እንደ ወረቀት የነጣ ነው። ፍሬው ላይ ያለው ምልክት ከዘንጉ በሚያያዝበት ቦታ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ብቻ ስለሆነ ሣጥን ሲሞላ አይታይም፤ ገበያ ሲደርስ ግን ይበሰብሳል። በርካታ መድኃኒቶችን ስለተላመደች ርጭት በርጭት ላይ ይደራረባል፤ ያም ወጪ ነው።

የእህል ገበሬና የአትክልት ገበሬ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ድርቅ ሲባል ሁላችንም የምናስበው የ1977ን ወይም በኤልኒኖ የመጣውን የ2008ን ነው፤ የወደቀ እህል፣ የሚቆጠር ኩንታል፣ የሚታደል ስንዴ። አትክልት አምራቹ ግን ዝናብ የቀረ ዓመትም ሊያመርት ይችላል፤ ሞተሩን ያስነሣል። በበልግ እጦት የሚከፍለው በናፍጣ ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ቀስ በቀስ ሲነሣ የታለመለት ድጎማ የተባለው የታሰበው ለሕዝብ ማመላለሻ ነበር፤ በሐይቅ ዳር የሚንተከተከውን ሞተር ያሰበው አልነበረም። ስለዚህ ጉዳቱ በረሀብ ሳይሆን በዕዳ ይመጣል፤ ዕዳ ደግሞ በዕርዳታ መዝገብ አይመዘገብም።

ዝናብ ሲበዛም ያው ነው። የፎገራ ገበሬ ከሩዙ በኋላ የርብና የጉማራን ወንዞች እየሳበ ሽንኩርት ያመርታል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ሜዳው በጎርፍ ተጥለቀለቀ። ከዚያ የከፋው ግን ብዙ ጊዜ ዜና የማይሆነው፣ ያለወቅቱ የሚወርደው ካፊያ ነው። ሽንኩርት ሊነቀል ሲደርስ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይተኛል፤ አንገቱ መድረቅ አለበት። በዚያ ሳምንት ለሁለት ሌሊት ቢዘንብበት ውኃው በለሰለሰው አንገት ይገባል፤ ከላይ ደህና የሚመስለው ራስ ከውስጡ ይሸታል። ጤፍ ጎተራ ገብቶ ዋጋ ይጠብቃል፤ ይህ ግን አይጠብቅም። ደላላው ያውቃል፤ ዋጋውን የሚቆርጠውም እሱ ነው።

አሁን ዓይን መጣል ያለብን ባቱ ከተማ ባለችበት በዝዋይ ሐይቅ ላይ ነው። ስፋቱ 440 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም አማካይ ጥልቀቱ ከ2.5 ሜትር ብዙም አያልፍም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ደግሞ ለትነት ይመቻል። ከመቂና ከቀታር ወንዞች ይቀበላል፣ በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ ይለግሳል፤ አብያታ ግን ከዓመት ዓመት ሲሸሽ ኖሯል። ከመቂ እስከ ባቱ ያለው ቲማቲምና ሽንኩርት፣ የአበባ እርሻው፣ በቅርቡ ደግሞ የበጋ መስኖ ስንዴው ከዚሁ ተፋሰስ ይጠጣሉ። ስንዴ አይጠቅምም የሚል የለም፤ ነገር ግን ለስንዴ የዞረ ማሳ ሽንኩርት የማያበቅል ማሳ ነው፤ የሽንኩርት ዋጋ ሲሰቀል ነጋዴውን ብቻ መርገም ሥራ ማቃለል ነው።

የጠብታ መስኖ፣ የፀሐይ ፓምፕ፣ ሙቀት የሚችል ዘር፣ ሁሉም ይታወቃሉ፤ ባለሩብ ሄክታሩ ገበሬ ያጣው ብድርና የታመነ ዘር ነው። ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን ልኬት ነው። በባቱ ዙሪያ ሌላ ሞተር ከመተከሉ፣ ሌላም ዘመቻ ከመታወጁ በፊት ሐይቁ በዓመት ምን ያህል መስጠት እንደሚችል ይለካ፤ አበባውም፣ ስንዴውም፣ ሽንኩርቱም በዚያ ልክ ይቅዱ።