ኮረንቲና የመጻጉዕ እግር

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ የሚባለው፥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው አጥቶ 38 ዓመት በደዌ የኖረው ድውይ የሚታሰብበት ስለ ሆነ ነው። ዛሬ ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት ደዌም የአንጎልን ደም ሥር ደፍኖ ወይም አፈንድቶ የሰውን እኩሌታ አካል ባደከመ ጊዜ፥ በሽተኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዳግመኛ በእግሩ ይሄድ እንደ ሆነ ነው። ለዚህ ጥያቄ በኮረንቲ መልስ ለመስጠት የሚደረገው ምርምር ደግሞ ከሩቅ ዘመን የሚመዘዝ ታሪክ አለው።

በሮም ቀላውዴዎስ ቄሣር በነገሠበት ዘመን የነበረው ሐኪም ስክሪቦኒዩስ ላርጉስ፥ ሪህ የጸናበት ሰው በባሕር ዳር፥ ሲነኩት በሚያደነዝዝ ሕያው ዓሣ ላይ ቆሞ እግሩ እስከ ጉልበቱ እስኪደነዝዝ ድረስ እንዲታገሥ ይመክር ነበር። ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1791፥ የቦሎኛው ሊቅ ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በኤሌክትሪክ እንደሚንፈራገጥ ጽፎ አሳተመ፤ የእኅቱ ልጅ ጆቫኒ አልዲኒም በ1803 በለንደን ይህንኑ በተሰቀለ ወንጀለኛ ሬሳ ላይ ባሳየ ጊዜ፥ ነገሩን ለማያውቅ ተመልካች ሙት የሚነሣ እስኪመስል ደረሰ።

ዕውቀት ግን ከትንግርት የተለየችው በ1870 ነው። ጉስታቭ ፍሪችና ኤድዋርድ ሂትሲግ በበርሊን፥ በሂትሲግ መኖሪያ ቤት ውስጥ፥ የውሻን ራስ ቅል ከፍተው አንጎሉን በቀጭን ኮረንቲ በነኩት ጊዜ በተቃራኒው ወገን ያለው እግር ሲንቀሳቀስ ስላዩ፥ እንቅስቃሴ በአንጎል ገጽ ላይ የተወሰነ መንበር እንዳለው ተረዱ። በ1937 የሞንትሪያሉ ቀዶ ሐኪም ዋይልደር ፔንፊልድ ከባልደረባው ጋር ባወጣው ጥናት የሰውን አንጎል መንበሮች ሲዘረዝር፥ የእጅ መንበር በውጭው ገጽ፥ የእግር መንበር ግን በሁለቱ የአንጎል ክፍሎች መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ተሰውሮ ተገኘ፤ የእግሩን ሥፍራ ከውጭ ሆኖ መድረስ ከእጁ ይልቅ የሚያስቸግረው ስለዚህ ነው።

በ1985 የሼፊልዱ አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ የራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን በማግኔት ኃይል ማነቃቃት ቻሉ። በ2000 ደግሞ ሚካኤል ኒቼና ዋልተር ፓውሉስ በጀርመን አገር በጎቲንገን፥ 1 ሚሊ አምፔር በሚሆን ደካማ ኮረንቲ የአንጎልን ንቃት ለጊዜው ከፍና ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። ይህ ኮረንቲ እንደ ጋልቫኒው እግርን አያንፈራግጥም፤ የነርቭ ሕዋሳትን ለትምህርት ያዘጋጃል እንጂ እርምጃውን ራሱ አያስተምርም። ስለዚህም ተመራማሪዎች ከፊዚዮቴራፒ ጋር አጣመሩት፤ የጥናቶቹ ምስክርነት ግን እስከ ዛሬ አንድ አልሆነም።

መሣሪያ ብቻውን እንደማይበቃ ሌላም ማስረጃ አለ። በ2011 በአሜሪካ የታተመ፥ 408 የስትሮክ ሕመምተኞችን የመረመረ ጥናት፥ አካልን በማንጠልጠያ ደግፎ በትሬድሚል ላይ ማስኬድ፥ በቤት ውስጥ በባለሙያ እየተመሩ ከሚሠሩት እንቅስቃሴ እንዳልበለጠ አረጋገጠ።

እንግዲህ በቤቱ እንዲህ ያለ በሽተኛ የተኛበት ሰው ሁሉ፥ መሣሪያው እስኪመጣ እየጠበቀ ቀኑን አያሳልፍ፤ ባለሙያ ጠይቆ፥ ክንዱን ለድውዩ ሰጥቶ፥ እርምጃውን በየዕለቱ ያስደግመው። መጻጉዕ በመጠመቂያው አጠገብ ተኝቶ ሳለ ያጣው ውኃውን ሳይሆን ሰውን ነበርና።