መጀመሪያ ስጋውን ንገረኝ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጭስ ነው። ጭሱ የሚነሳው ከሩቅ ነው፤ ከአሜሪካ፣ ከሉዊዚያና፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝና ልቀጥል።

ከኒው ኦርሊንስ ተነስቶ ወንዙን ይዞ ሽቅብ የነዳ ሰው 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ላፕላስ ይደርሳል። ትንሽ ከተማ ናት። «የዓለም የአንዱዊ መዲና» ትባላለች፤ ማን አላት ቢሉ፣ ራሷ። አንዱዊ ቋሊማ ነው። የአሳማ ትከሻ ጉልህ ጉልህ ተደርጎ ይከተፋል፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬና በሚያቃጥል ቀይ በርበሬ ይታሻል፤ በወፍራም የበሬ አንጀት ይጠቀጠቃል፤ ከዚያ ለሰዓታት ጭስ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ወጥቶ ሲታይ ጠቁሯል፣ ተኮማትሯል፣ ላዩ ይብረቀረቃል። እዚያ ከተማ በ1928 ሥራ የጀመረ የጄከብ ቤት የሚባል ስጋ አጫሽ አለ፤ ስሙ የተጠራው በዚሁ በአንድ ሙያ ነው።

ይህን ጭስ ማን አመጣው? ስደተኛ ነው ያመጣው፤ ያውም ሁለት ዓይነት ስደተኛ። በ1720ዎቹ መጀመሪያ ጀርመኖች መጡ። የፈረንሳይ ኩባንያ «ለም መሬት አለላችሁ» ብሎ አማልሏቸው ከወንዙ ዳር ሰፈሩ፤ ቦታው እስከ ዛሬ የጀርመኖች ዳርቻ ይባላል። ቋሊማውንና የጭስ ቤቱን ብዙዎች ለእነሱ ይሰጣሉ። ቀጥሎ አካዲያውያን መጡ። እነዚህ ዛሬ ካናዳ በምንለው አገር፣ ኖቫ ስኮሺያ ላይ ይኖሩ የነበሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ናቸው። በ1755 እንግሊዞች ከቀያቸው ነቅለው በመርከብ በተኗቸው፤ ባል በአንዱ፣ ሚስት በሌላው መርከብ የሄደበት ጊዜ አለ። ከ1764 ጀምሮ ሉዊዚያና መግባት ያዙ፤ በ1785 ደግሞ ከፈረንሳይ በ7 መርከቦች 1,600 ያህል ሰዎች መጡ። ዛሬ ካጁን የምንላቸው የእነሱ ዘሮች ናቸው።

ካጁኖች በብርድ ወቅት ተሰብስበው አሳማ ያርዱ ነበር። ማቀዝቀዣ በሌለበት አገር፣ በሉዊዚያና ሙቀት፣ አንድ ቤተሰብ አንድ አሳማ ብቻውን በልቶ አይጨርስም፤ ስለዚህ ዛሬ የእኔ ይታረዳል፣ በሚቀጥለው የአንተ፤ ስጋውም ለየቤቱ ይከፋፈላል። ቅርጫ ለምታውቁት ነገሩ እንግዳ አይሆንባችሁም። ቆዳው በስቡ ይጠበሳል፤ ጭንቅላቱ ተቀቅሎ ይረጋል፤ ጉበቱ ከሩዝ ጋር ተደባልቆ ቡዳን የሚሉት ቋሊማ ይሆናል። የዚያን ቀን ያልተበላው በጨው፣ በበርበሬና በጭስ ይያዛል። ታሶም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ የትከሻ ስጋ በስሱ ይቆረጣል፣ ጨውና የሚያቃጥል በርበሬ ይለብሳል፣ ጭስ እስኪጠግብ ይሰቀላል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ወሬው ሁሉ የሚዞረው በሱ ላይ ነው። ታሶን ሳህን ሙሉ አቅርቦ በቢላ የሚበላ ካጁን የለም። እፍኝ ታሶ ድስት ባቄላ ያጣፍጣል። አንዱዊም ቢሆን ዋና ቤቱ ድስት ነው፤ ጋምቦ የሚሉት ወፍራም ሾርባ ውስጥ፣ ጃምባላያ የሚሉት ሩዝ ውስጥ። የካጁን ጭስ ስጋ በአብዛኛው የድስት ቅመም ነው። የቴክሳስ ጭስ ስጋ ግን ራሱ ማዕዱ ነው። ሁለቱን አንድ አድርጎ ያየ ሰው ስሞከር የሚሉትን የስጋ ማጨሻ ሲገዛ ይሳሳታል።

ከሉዊዚያና ውጭ ያለው ሰው ይህን ስጋ ያወቀው ዘግይቶ ነው። ፖል ፕሩዶም የሚባል፣ ኦፔሉሳስ አካባቢ የተወለደ ግዙፍ ሰውዬ በ1979 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ኬ ፖልስ የተባለ ምግብ ቤት ከፈተና አንዱዊና ታሶን ለአሜሪካ አስተዋወቀ። ቀምሶ የወደደ ሁሉ በየከተማው ፈለገ፤ ያጣው ወደ ጓሮው ዞረ።

እንግዲህ አንድ ሰው እናምጣ። እኔ የፈጠርኩት ስለሆነ ስም አልሰጠውም። ቴክሳስ፣ ሂውስተን ይኖራል፣ ሐበሻ ነው፣ ጓሮ ያለው ቤት ገዝቷል። ጎረቤቱ የላፕላስ ሽማግሌ ናቸው፤ ሂውስተን በ2005 ከካትሪና ማዕበል የሸሸ የሉዊዚያና ሰው ብዙ የቀረባት ከተማ ናት፣ እሳቸውም ከእነዚያ አንዱ ናቸው እንበል። የሽማግሌው ጋምቦ ጠረን የሰውዬውን ልብ ወስዶታል። መደብር ሄዶ አንድ ትልቅ ጥቁር ብረት ዓይቶ መጣ፤ በርሜሉ ተጋድሟል፣ እሳቱ በጎን ባለ ሳጥን ይነድዳል፣ ጭስ ማውጫው ከወዲያኛው ጫፍ ቆሟል።

«ልገዛው ነው» አላቸው።

«መጀመሪያ ስጋውን ንገረኝ» አሉት ሽማግሌው።

«ያው የሚጨስ ስጋ ነዋ!»

«ፍርምባ ነው ወይስ አንዱዊ?»

ሰውዬው ዝም አለ። እኛ እንመልስለት።

ያ የተጋደመ ብረት ኦፍሴት ይባላል፤ የቴክሳስ ኩራት ነው። ለበሬ ፍርምባ ወደር የለውም፤ ከ107 እስከ 135 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ፣ ግንድ እየበላ፣ ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራል። አንዱዊ ግን የሚፈልገው ከ80 እስከ 93 ዲግሪ ነው። ሙቀቱ ሲያልፍ አንጀቱ ውስጥ ያለው ስብ ቀልጦ ይንጠባጠባል፤ የሚተርፈው እንደ ፍርፋሪ የደረቀ ስጋ ነው። «እሳቱን ላሳንሰዋ!» ትሉ ይሆናል። የእንጨት እሳት በትልቅ ብረት ውስጥ ሲያንስና አየር ሲነፈገው መንደዱን ትቶ ታፍኖ ይጨሳል። ያኔ የሚወጣው ነጭ ወፍራም ጭስ ነው፤ ስጋው ላይ የሚለጠፍ ጥላሸት ያመጣል፣ መራራ ነው፣ ምላስ ያደነዝዛል። ጥሩ ጭስ ስስ ነው፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ አንዳንዴም ዓይን አያየውም። በኦፍሴት ያንን ስስ ጭስ በ80 ዲግሪ አጽንቶ ማዋል ይቻላል፤ ግን ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት ተቀምጦ የሚውል የለመደ እጅ ይጠይቃል። ርካሹ ኦፍሴት ደግሞ ብረቱ ስስ ነው፤ ሙቀቱ በየስንጥቁ ያመልጣል። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ልግዛ ያለ ሰው ኪሱንም ወገቡንም ያዘጋጅ።

በዚያ ላይ ተጋድሟል። ቋሊማ ፍርግርግ ላይ ሲተኛ የነካው ቦታ ይገረጣል፣ ሆዱ ጭስ አያገኝም፣ ለእሳቱ የቀረበው ያርራል። ተሰቅሎ ግን ዙሪያውን ጭስ ያገኘዋል፤ ላብና ስቡም ወደ ታች ይወርዳል። የላፕላስ ሰዎች የጭስ ቤታቸውን ከፍ አድርገው የሠሩት ለዚህ ነው፤ ስጋ ከላይ፣ እሳት ከታች፣ በመሃል ክፍት ቁመት።

ስለዚህ ሰውዬው መደብር ሲመለስ የሚለካው ቁመት ነው። መንጠቆ ማስገቢያ አለው? ስጋው ከተሰቀለ በኋላ በጫፉና በእሳቱ መካከል ስንት ይተርፋል? ዝቅተኛው ሙቀቱ ስንት ነው? ሻጩ ስለ ብልጭልጩ ያውራ፤ እሱ ይህን ይጠይቅ።

ክቧን ባለ ክዳን ጥብሻ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ጆርጅ ስቲቨን የሚባል የቺካጎ አካባቢ ብረት ሠራተኛ በ1952 የውሃ ላይ ምልክት ከሚሠራበት ድቡልቡል ብረት ያወጣት ናት። ለዶሮ ትበቃለች፤ ለአንዱዊ አጭር ናት። እንቁላል የመሰለውን የሸክላ ምድጃ፣ ከጃፓን ካማዶ ተወርሶ በ1974 አትላንታ ላይ ለገበያ የቀረበውን፣ ሰው በጣም ያደንቀዋል፤ በጥቂት ከሰል ረጅም ሰዓት ይይዛል። ግን አንዴ ሙቀቱ ካለፋችሁ ሸክላው እስኪቀዘቅዝ ጸልዩ። በእንጨት እንክብል የሚሠራው፣ ጆ ትሬገር የተባለ የኦሪገን ሰው በ1986 መብቱን ያስመዘገበበት ዓይነት፣ ሥራውን ሁሉ ለኤሌክትሪክ ሰጥቶ ለመተኛት ላሰበ ሰው ነው። ብዙዎቹ እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጭሱ ግን ለስላሳ ነው፤ ታሶ ደግሞ ለስላሳነት አይወድም። በሂውስተንና በሉዊዚያና እርጥበት እንክብሉ ውጭ ከተረሳ ያብጣል፣ ይፈርሳል፣ ማሽኑንም ይዘጋል።

«ካጁን ማይክሮዌቭ» ተብሎ የሚሸጥ የእንጨት ሳጥን ካያችሁም ስሙ አያታልላችሁ። ከሰሉ ክዳኑ ላይ ይነድዳል፣ አሳማው ታች ይጠበሳል፤ ጭስ የሚባል ስጋውን አይነካውም። ለሠርግ ይሁን፣ ለአንዱዊ አይሆንም።

የቀሩት የቆሙት ናቸው። ዌበር በ1981 ያወጣት ጥይት መሳይ አለች፤ ከሰል ከታች፣ የውሃ ሳህን ከመሃል፣ ስጋ ከላይ። ውሃው ሙቀቱን እየጠጣ እሳቱ እንዳይፈነጥዝ ይይዘዋል። መሃለኛውን ፍርግርግ አውጥቶ ከላይኛው መንጠቆ ማንጠልጠል ይቻላል። ሌላው 208 ሊትር የሚይዘው የዘይት በርሜል ነው፤ ከላይ ሁለት ዘንግ ተሻግሮበት፣ ከታች የአየር መግቢያ ተበስቶለት። ርካሽ ነው፣ ረጅም ነው፣ ለመስቀል የተፈጠረ ይመስላል። ብቻ መርዝ ያልነበረበት፣ ውስጡ ቀለም ያልተቀባ ይሁን፤ ዚንክ የተለበጠ ብረትም እሳት አጠገብ አይግባ። ፎቅ ቤት የሚኖርና ከሰል የተከለከለ ሰው ደግሞ ባለ በሩን የኤሌክትሪክ ሳጥን ይግዛ፤ ቁመትም ዝቅተኛ ሙቀትም አለው፣ የጎደለው የከሰሉ ጠረን ብቻ ነው።

እኔን ፍረድ ካላችሁኝ፣ ለሰውዬአችን ጥይቷን እፈርድለታለሁ። በርሜሉ ሁለተኛ ነው፤ በያጅ ወዳጅ ካለው ግን አንደኛ። ሽማግሌውም ከዚህ አልራቁም፦ «ረጅሙን አምጣ፤ ትርፉን ገንዘብ ለእንጨትና ለቴርሞሜትር አድርገው» አሉት።

እንጨቱ ፒካን ነው። ሉዊዚያና ውስጥ በየጓሮው የሚበቅል የለውዝ ዛፍ ነው፤ ሂከሪ የሚሉት ዛፍ ዘመድ ሆኖ ጭሱ ከሂከሪ ይለዝባል። አንዳንዱ የሸንኮራ አገዳ ይጨምርበታል። ደረቅ መሆን አለበት፤ ውሃ ውስጥ መንከር ጭሱን ከማዘግየት በቀር ጥቅም የለውም። ጥድ፣ ዝግባ፣ ሙጫ ያለው ማንኛውም እንጨት ስጋ አጠገብ አይድረስ። ክዳኑ ላይ የተተከለውን ቴርሞሜትርም አትመኑት፤ እሱ የሚለካው የክዳኑን ሙቀት ነው። አንዱ ዘንግ ስጋው ውስጥ፣ ሌላው ከስጋው ጎን የሚገባ ዲጂታል ግዙ።

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ ላድርግ። ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ለተህዋሲያን ምቹ ነው፤ ቋሊማ ደግሞ በዝግታ ሲጨስ ሰዓታት እዚያ ውስጥ ያሳልፋል። አንጀቱ ውስጥ አየር የለም፤ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ተህዋስ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ለዚህ ነው 6.25 በመቶ ናይትራይት ያለበት ሮዝ ጨው የሚገባው፤ ለ1 ኪሎ ስጋ 2.5 ግራም፣ በሚዛን እንጂ በዓይን አይሰፈርም። ከሂማላያ የሚመጣው ሮዝ የገበታ ጨው ሌላ ነው፤ ቀለሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። የተከተፈ የአሳማ ስጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሳይደርስ አይወጣም። ስሞከሩም ከግድግዳ 3 ሜትር ይራቅ፤ ዝናብ መጣ ተብሎ ጋራዥ ውስጥ አይገባም፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ሰውዬአችን ግን አሳማ አይበላም። ኦርቶዶክስ ነው፣ እናቱም አብረውት ይኖራሉ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ አልደነቃቸውም፤ የተርኪ፣ ማለትም የቱርክ ዶሮ፣ ታሶ ሉዊዚያና ውስጥም ይሸጣል። የተርኪ ጭን አጥንቱና ቆዳው ወጥቶ፣ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ተቆርጦ፣ ከተመዘነው ጨው ጋር ማቀዝቀዣ ውስጥ አደረ። ጠዋት ላዩ እስኪደርቅ ተንጠለጠለ፤ እርጥብ ላይ ጭስ ይዝጎረጎራልና። ካየን የሚሉት በርበሬ ቤት ውስጥ ስላልነበረ እናትየው ሚጥሚጣ አመጡ። ሚጥሚጣ ራሱ ጨው ስላለበት በስሱ ነሰነሱት። ፒካኑ ነደደ፣ ጭሱ ሰማያዊ ሆነ፣ ስጋው ተሰቀለ። ውስጡ 74 ዲግሪ ሲል ወረደ።

ሽማግሌው አንድ ቁራጭ አነሱ፣ አኘኩ፣ ቆም አሉ።

«ይህች ኮረሪማ የእኛ አይደለችም» አሉ፤ ሁለተኛውን እያነሱ።